ቀድሞ የወጣ ይልበስ

«እጅዎን ይሰብስቡ ጋሼ በፈቃዱ! ሰውየው ካየዎት ያስወጣዎታል።»

በፈቃዱ ወደ ገንዳው ዘርግቶት የነበረውን እጁን መልሶ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ኪሱ ሥር የተሸጎጠች አንዲት ቅርንፉድ ጣቱን ነካችው፤ ሳያስበው ያሻት ጀመር። ፊት ለፊቱ፣ ወለሉ ላይ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ማዶ፣ ሁለት ሠራተኞች ጎማ ያላቸው ሰማያዊ ገንዳዎች እየገፉ በተርታ ይደረድራሉ። እያንዳንዱ ገንዳ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ቢተኛበት ይበቃዋል፤ ልብሱ ከአፉ ተርፎ ይንጠለጠላል። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሰው ጓንቱን አጥልቆ፣ ጋሪውን አጠገቡ አቁሞ፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ማዶ ይልካል። የመጨረሻው ገንዳ ቦታውን ይዞ ሠራተኛው ምልክት እስኪሰጥ ድረስ መንካት ክልክል ነው። የነካ ይወጣል።

«ለአሮጌ ልብስ ይሄ ሁሉ ሕግ» አለ በፈቃዱ።

«አሮጌ አይበሉት እንጂ! እንጀራችን እኮ ነው» አለች ናዝራዊት። «አሁን ሰውየው ‹ጎ› ሲል እኔ በግራ ልግባ፣ እርስዎ በቀኝ። አረንጓዴ ካዩ ዝም ብለው ይጎትቱ፤ ቼክ የምናደርገው በኋላ ነው። ሌላ ሰው የያዘውን ግን እንዳይነኩ፤ እዚህ ቤት በሹራብ ሰው ተደባድቧል።»

ናዝራዊት በፈቃዱ ከሚኖርበት ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ላይ ያለች ጎረቤቱ ናት። ይሄን የልብስ ቤት እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ሰው ለልገሳ የሰጠው ልብስ መጀመሪያ ሱቅ ይሰቀላል፤ ሱቅ ያልገዛው እዚህ ይራገፋል። ዋጋ የተለጠፈበት ነገር የለም፤ የመረጥከውን በጋሪ ገፍተህ ሚዛን ላይ ታወጣዋለህ፣ በፓውንድ ይታሰባል። ሐርም ሆነ ቡትቶ ያው ነው። እሷ ጫማና የልጆች ልብስ ለቅማ፣ አጥባና ጠጋግና አዲስ አበባ ላለች እህቷ ሱቅ ትልካለች። ዛሬ ጠዋት በፈቃዱ በሯን አንኳኩቶ «እዚያ ቤት ውሰጂኝ» ሲላት ሥራ የለቀቀ መስሏት ደንግጣ ነበር።

ሠራተኛው እጁን አነሳ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን ብልጡም አይለቅም። ሰው ሁሉ ክንዱን እስከ ትከሻው እየነከረ ያምሳል፤ ሱሪ ባየር ላይ ይበራል፤ ጫማ ጓደኛውን ፍለጋ ከገንዳ ገንዳ ይወረወራል። በፈቃዱ ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ዕድሜውን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የፈጀ ሰው ነው። ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘው። አቧራው አስነጠሰው። ሲሞቀው ካፖርቱን አውልቆ ጋሪው ላይ ጣለና እንደገና ገባ።

የሚፈልገው አንዲት አረንጓዴ ሹራብ ነው። ሹራቧ የኪራኮስ ናት። ኪራኮስ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ ውስጥ አንድ አፓርትመንት ተጋርተው ለብዙ ዓመት አብሮት የኖረ ጓደኛው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ ይቀበል ነበር፤ ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

በዚያው ሰሞን እናቱ እማማ አስካለ የዓይናቸውን ሞራ ሊገፈፉ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ወርደው ነበር። ሐኪማቸው ከምንም በላይ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቋል። የኪራኮስ እህት ቤርሳቤህ ደውላ «በእግዜር ይዤዎታለሁ ጋሼ፣ አሁን እማዬ መርዶ ከሰማች ዓይኗ ይጠፋል፤ እዚያው ቅበሩልን» አለች። ሬሳው ቢሄድ መርዶውም አብሮት መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ኪራኮስ ሜሪላንድ ተቀበረ። እናትየው በየእሑዱ ልጃቸውን ሲጠይቁ «ስልኩ ተበላሽቶበት ነው»፣ «ሥራ ቀይሮ ነው» እየተባለ ገና አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ።

እዚያ መርዶው ሲዘገይ እዚህ ግን አርባው አልዘገየም። የሟች ልብስ ለነፍሱ ለነዳያን ይሰጣል። በፈቃዱና የማኅበሩ ሴቶች የኪራኮስን ቁም ሣጥን ገለበጡ። ያልታጠበ ልብስ ለድኻ መስጠት ነውር ነው ብለው አጠቡት፤ ተኮሱት፤ በጥቁር ላስቲክ አስረው ልገሳ መቀበያው በር ላይ አራገፉት። አንዲት ካልሲ እንኳ አላስቀሩም። በፈቃዱ ያን ቀን፣ ኪራኮስ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሎት ነበር፤ ለጓደኛው የሚገባውን ያደረገለት መስሎት።

ታዲያ ባለፈው እሑድ ሲነጋ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ለእማማ አስካለ መርዶ ተነገራቸው። አለቀሱ፤ ፊታቸውን ነጩ። ሲደክማቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጄን አፈር ሲያለብሱት አላየሁም። ልብሱን ላኩልኝ፣ ዘርግቼ ላልቅስበት።» ሬሳ በሌለበት የሟችን ልብስ ዘርግቶ ማልቀስ ባገራቸው የቆየ ወግ ነው። የትኛውን ልብስ እንደሚሹም ተናገሩ፤ እሑድ እሑድ በስልክ ላይ ሲያዩት የሚለብሳትን አረንጓዴ ሹራብ።

በፈቃዱ ልብሱን ወደ ሰጠበት ሱቅ ሮጠ። ሹራቧ የለችም። እዚያ ያለች ሠራተኛ አዝናለት፣ ያልተሸጠው ሁሉ በልትስቪል አጠገብ ወዳለው የፓውንድ ቤት እንደሚጫን ነገረችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። ያፈሰሰው ደግሞ በአንድ ገንዳ አልተጠራቀመለትም።

የመጀመሪያው ተርታ ባዶ ሆነ። አረንጓዴ ሁሉ ወጣ፤ የልጅ ፒጃማ፣ የእግር ኳስ ማልያ፣ የሆስፒታል ልብስ። ሁለተኛው ተርታ እስኪገባ በፈቃዱ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ሲያርፍ ስልኩ ጮኸ። ቤርሳቤህ ናት።

«ጋሼ፣ እማዬ ካላናገርኩት ብላ ነው። አንዴ ያናግሯት።»

ትንሽ ተንኮሻኮሸና የእማማ አስካለ ድምፅ መጣ። 

«በፈቃዱ ልጄ፣ እንደምነህ? አገኘሃት?»

«እየፈለግኩ ነው እማማ። ዕቃው ተቀላቅሎብን…»

«ግድ የለህም፣ ቀስ ብለህ ፈልግ። አንገትጌዋ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋችው ናት። አረንጓዴ በጥቁር ክር ይሰፋል ወይ ብዬ ስቄበት ነበር። ያን ጊዜ ዓይኔ ፈዞ እንኳ ታይታኛለች። አሁንማ ጠርቶልኛል። ለምን እንደጠራልኝ እንጃ።»

በፈቃዱ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«እሷን አቅፌ አንድ ቀን ላልቅስ። ከዚያ ወዲያ አላስቸግራችሁም» አሉ።

«እልክልዎታለሁ እማማ። ዛሬውኑ እልካለሁ።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የፈራው። ማኅበርተኛቸው እትዬ የወይንሐረግ ዛሬ ማታ ወደ አገር ቤት ይበራሉ፤ ሻንጣቸውን ሳይዘጉ ሊደርስባቸው ይገባል። ከሳቸው በኋላ እስከ ፋሲካ የሚሄድ ሰው አላገኘም። እማማ አስካለ ደግሞ ሰማንያን ያለፉ ናቸው።

«ምን አሉ?» አለች ናዝራዊት።

«በጥቁር ክር የተሰፋችውን አሉ።»

«ወይ እናት!» አለችና ጓንቷን እንደገና ሳበች። «ይምጡ፣ ሌላው ተርታ እየገባ ነው።»

ያገኘቻት ናዝራዊት ናት። ከገንዳው ሥር ጎትታ ከሰው ራስ በላይ አንስታ አውለበለበችለት። በፈቃዱ ድንግጥ አለ። አረንጓዴነቷ ያው ነው፤ አሠራሯ ያው ነው፤ ክንዷ እንኳ እንደዚያችው ትንሽ ሰፋ ይላል። እየተጋፋ ደረሰና አንገትጌዋን ገለበጠ። ደህና ነው። አልተቀደደም፤ አልተሰፋም።

«አይደለችም» አለ።

«አይደለችም ማለት?»

«የሱ አይደለችም። ክሩ የለም።»

ናዝራዊት ሹራቧን ከእጁ ተቀብላ አገላበጠቻት። ከዚያ ዞር ብላ የቀሩትን ገንዳዎች አየች፤ ሰው ሁሉንም እንደ ጤፍ አበጥሮ ጨርሷቸዋል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የሱ ሹራብ ወይ አንዱ ለብሷት ይሄዳል፣ ወይ በመርከብ ተጭና አንዱ አገር ደርሳለች። ይቺን ይውሰዷት።»

«ክሩስ?»

«ክሩን ለኔ ይተዉልኝ።»

መክፈያው ጋ ተሰለፉ። ጋሪውን በየተራ ወለል ላይ የተነጠፈው ሚዛን ላይ እየገፉ ያወጡታል። የበፈቃዱ ተራ ሲደርስ ቁጥሩ ከጠበቀው በላይ ዘለለ። ሒሳብ ተቀባይዋ አየት አደረገችና ከሹራቧ ሥር ካፖርቱን በሁለት ጣቷ አነሳች። ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ከኪሱ አፍ ላይ ያለው ጨርቅ ተልጧል። የራስህ ነው ወይስ ከዚህ ያነሳኸው ብላ ጠየቀችው።

«የኔ ነው» አለ በእንግሊዝኛ።

ሴትዮዋ አመነችውና ለይታ ሰጠችው። በፈቃዱ ግን ካፖርቱን ክንዱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። የኔ ነው ማለቱ አፉ ላይ እንግዳ ሆነበት። ከኋላው ያለው ሰው በጋሪ ገፋ ሲያደርገው ነው የተንቀሳቀሰው።

ናዝራዊት መኪናዋ ውስጥ መርፌና ክር አታጣም። በሩን ከፍታ፣ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ ተቀመጠችና አንገትጌዋን በምላጭ ጫር አድርጋ ቀደደቻት። ሰማዩ ዳምኗል፤ ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። በፈቃዱ ካፖርቱን ለብሶ ከነፋሱ ከለላት።

«እናንተ ወንዶች እንዴት ነው የምትሰፉት? ወፈር ወፈር አድርጌ ልውጋው አይደል?»

«እሱ መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ይቋጥረዋል። እንዳይፈታ እያለ።»

«እንዲህ?»

«አዎ። እንዲያውም ከዚያ የባሰ።»

ሳቀች። እሱም ሊስቅ ነበር። ደህና አድርጋ አበላሽታ ሰፋችውና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ያው ሆነ» አለች። «እኔ አባቴ ሲሞት የታቀፍኩት ነገር የለም ጋሼ። ፓስፖርቴ ተይዞ ነበር፣ መሄድ አልቻልኩም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ እያየሁ አለቀስኩ፤ እሱም ባትሪው አለቀ። ማንም ይቺን አምጥቶ የአባትሽ ናት ቢለኝ እግሩን እስመው ነበር።»

«ውሸት መሆኑን ብታውቂስ?»

«ማን ሊነግረኝ?»

በፈቃዱ አመስግኗት፣ ጠዋት ከኋላዋ ተከትሎ ወደ መጣበት ታክሲ ሄደ። ሹራቧን በፌስታል አድርጎ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ኪራኮስ አብሮት ሲሄድ የሚቀመጥበት ወንበር ነው።

ቤልትዌይ፣ ከተማውን የሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። መኪናው ሲቆም ፌስታሉን ከፍቶ ሹራቧን ወደ አፍንጫው አስጠጋት። እዚያ ቤት ያለ ልብስ ሁሉ የሚሸተውን ሸተተችው፤ የብዙ ሰው ጓዳ፣ አቧራ፣ የቆየ ሳሙና። እማማ አስካለ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማሽተት ነው። ልጠባት ይሆን አለ፤ ከታጠበች የምትሸተው ሳሙና ነው። ለብሻት ልዋል ይሆን አለ፤ እሱ ከለበሳት የምትሸተው በፈቃዱን ነው። ደግሞ እኚህ ሴትዮ የሃያ ዓመት መንገደኛ ልጃቸውን ጠረን ከየት ያውቁታል? ስደተኛ ሆኖ ወረቀቱን ሲጠብቅ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ገንዘብ ሲያጠራቅም፣ ገንዘቡ ሲሞላ መንገዱ ሲዘጋ፣ አንድም ቀን ሳይሄድላቸው ቀረ። የሚያውቁት ስልክ ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ብቻ ነው። እንዲህ እያለ ራሱን ሲያሳምን የፖቶማክን ወንዝ ተሻገረ።

ድልድዩን እንዳለፈ ማሞቂያው ሲሞቅ ከካፖርቱ አንገትጌ የቅርንፉድ ሽታ ተነሳ። በፈቃዱ ለምዶታልና ልብ አይለውም ነበር።

ቅርንፉድ የኪራኮስ ነው። ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ዘንድ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው እያለ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ኪሱ ሁልጊዜ በቅርንፉድ የተሞላ ነበር። ካፖርቱ ግን የማን እንደሆነ ተለይቶ አያውቅም። ላንግሊ ፓርክ አብረው በገቡበት የመጀመሪያ ክረምት አንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የብርድ ልብስ ሲያድል ሁለቱም ሄደው ነበር። አንዱን እጅጌ በፈቃዱ ያዘ፤ ሌላውን ኪራኮስ። ሁለቱም ለየራሳቸው የያዙት ነበር የመሰላቸው። ሲተያዩ ሳቁ። ኪራኮስ ጠዋት ሥራ ይገባል፤ በፈቃዱ ታክሲውን የሚያወጣው ከሰዓት ነው። «ቀድሞ የወጣ ይልበስ» አለ ኪራኮስ፤ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ኋላ ሌላ ካፖርት መግዛት አቅቷቸው አይደለም። ኪራኮስ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ አውልቆ ሲያቀብለው፣ ውስጡ ገና እንደ ሞቀ ይለብሰው ነበር። ያን ሙቀት የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም።

ለአርባው ልብሱ ሲሰበሰብ፣ ከኪራኮስ ሥራ ቦታ የተመለሰው ካፖርት የበፈቃዱ ጀርባ ላይ ነበር። ማንም አልቆጠረውም። እሱም አልቆጠረው።

እማማ አስካለ ይሄን ካፖርት አይተውት አያውቁም። እሑድ እሑድ ሲደውሉ ኪራኮስ ቤት ውስጥ በሹራቧ ነው የሚያዩት። ያቺን ያውቃሉ፤ ያቺ ግን የለችም። ያለው ይሄ ነው፤ ይሄን አያውቁትም። በፈቃዱ እትዬ የወይንሐረግ የሚኖሩበት ላንድማርክ ደርሶ መኪናውን ካቆመ በኋላም መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ደክሞታል። የሚሻለውን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ደስ ባለው፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያማክረው ግን ኪራኮስን ነበር። በመጨረሻ ፌስታሉን አንስቶ ወጣ።

እትዬ የወይንሐረግ ሻንጣቸውን ሳሎኑ መሐል ከፍተው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ደረሰባቸው። በዙሪያቸው የሕፃን ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ቅባት፣ የሰው አደራ ሁሉ ተበታትኗል።

«መጣህ? ሁለት ኪሎ አስቀርቼልሃለሁ። ከዚያ በላይ ግን እንዳትለኝ። ሃያ ሦስት ኪሎ ብለው ሃያ አራት ሲሆን እንደ ሌባ ነው የሚያዩኝ» አሉ።

ፌስታሉን ተቀብለው ሹራቧን አወጧት። ጭናቸው ላይ ዘረጓት። አንገትጌዋን ሲያዩ እጃቸው ቆመ።

«ወይኔ ኪራኮስ!» አሉ። «ይቺን ለብሶ እኮ ነው ለገብርኤል ዝክር ቤቴ የመጣው! እዚህ ተቀምጦ… ክሩን አይቼ ‹አምጣ እኔ ልስፋልህ› ብለው እምቢ አለኝ…»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሹራቧን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ሳሟት፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ አለቀሱ። በፈቃዱ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። እንዲህ ያለ ልቅሶ ነው እንግዲህ በእማማ አስካለ ቤት የሚሆነው፤ ከዚህ አሥር እጥፍ። ጎረቤቱ ሁሉ ከቦ፣ እሳቸው እያቀፉ፣ የአንድ የማያውቁት፣ ምናልባትም በሕይወት ያለ የባሕር ማዶ ፈረንጅ ልብስ። 

«እትዬ» አለ።

«ተወኝ፣ ላልቅስለት።»

«እትዬ፣ የሱ አይደለችም።»

እትዬ የወይንሐረግ ቀና አሉ። ጉንጫቸው እንደ ረጠበ ነው።

«ምን አልክ?»

«የሱን ለአርባው ሰጥተናታል። እርስዎም ነበሩ። ይቺን ዛሬ ጠዋት ከገንዳ ነው ያነሳናት። ክሩን ናዝራዊት ናት የሰፋችው።»

ሴትዮዋ ሹራቧን አዩ፤ እሱን አዩ። ቀስ ብለው ከጭናቸው አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጧት።

«ታዲያ እኔ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

«ለኪራኮስ ነው እንጂ።»

«ተው እንጂ! አሞኝተኸኝ!» አሉ፤ ነጠላቸውን ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ። ተቆጥተዋል፤ ከቁጣው ሥር ግን ሐፍረት አለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ለሳቸው ምን አለበት? ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ካልነገርናቸው አያውቁም። እኔ አልናገርም።»

«እርስዎ አሁን ስነግርዎት ምን ተሰማዎት?»

እትዬ የወይንሐረግ ሹራቧን በእጃቸው ገፋ አድርገው አራቋት። በፈቃዱ መልሱን አየ። ካፖርቱን አወለቀ።

«ይሄን ይውሰዱላቸው። ይሄ የሱ ነው።»

«ያንተ አይደለም እንዴ? ሁልጊዜ አንተ ላይ ነው የማየው።»

«የሁለታችንም ነው። እርስዎ የሚያዩኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት እሱ ነበር የሚለብሰው። ታጥቦ አያውቅም።»

ተቀብለው አጣጠፉትና በሻንጣ ሚዛኑ መንጠቆ አንጠለጠሉት።

«ሦስት ኪሎ ሊሆን ምን ቀረው! በል ግድ የለም፣ እኔ እለብሰዋለሁ። አውሮፕላን ውስጥ የለበስከውን አይመዝኑም» ብለው አንዱን እጃቸውን ሰደዱ።

«አይልበሱት!»

ድምፁ ጮክ ብሎ ወጣ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ይቅርታ እትዬ። ሽታው… የሰው ሽታ እንዳይጨመርበት ብዬ ነው። የኔው ይበቃዋል።»

እትዬ የወይንሐረግ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጅጌው አወጡ።  ከሻንጣው ውስጥ ለወንድማቸው ልጅ የገዙትን ትልልቅ ስኒከር ከነካርቶኑ አንስተው ሶፋው ሥር ወረወሩት። ከዚያ ንጹሕ ላስቲክ አምጥተው ካፖርቱን ጠቀለሉት፤ አየር እንዳይገባው አፉን ደጋግመው አሰሩት።

በፈቃዱ ለቤርሳቤህ በዋትስአፕ ደወለ። እዚያ መሽቷል፤ ግን ወዲያው አነሳች።

«እማማን ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ምነው? አልተገኘችም?»

«ስጪኝ ግድ የለም።»

እማማ አስካለ ሲመጡ ሰላምታም አላስቀደመ፤ ካስቀደመ እንደሚፈራ ያውቃል።

«እማማ፣ ሹራቧ የለችም። ለነፍሱ ብለን ለአርባው ሰጥተናታል። ቅድም ዋሽቼዎታለሁ።»

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«የምልክልዎ ካፖርት ነው። አያውቁትም። ወደ ሥራ ሲሄድ የሚለብሰው ነው። ግማሹ ግን የኔ ነው እማማ፤ እየተቀያየርን ነበር የምንለብሰው። ሁለታችንንም ነው የሚሸተው። ኪሱን ሲፈትሹ ቅርንፉድ ያገኛሉ፤ እሱ የሱ ብቻ ነው።»

«ቅርንፉድ?» አሉ እማማ አስካለ።

«አዎ። ለጥርሱ።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎት በፈቃዱ ከጆሮው አንስቶ አየው።

«የዚህ በኩሉን ነው?» አሉ በመጨረሻ፤ የትኛውን በኩል እንዳሳዩ ባያይም አወቀው። «ልጅ ሆኖ ሌሊት ያስለቅሰው ነበር። እኔ ነበርኩ ቅርንፉድ የማስነክሰው። እስካሁን ያመው ነበር? ሲደውል አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎኝ አያውቅም።»

«ያመው ነበር እማማ።»

«ላክልኝ» አሉ። አለቀሱ። በመርዶው ቀን እንዳለቀሱት አይደለም፤ ድምፅ የለውም። በፈቃዱም እትዬ የወይንሐረግን አላፈራቸውም፤ እንባውን ለቀቀው። እትዬ የወይንሐረግ ሻንጣው ላይ ተቀምጠው ዚፑን እየጎተቱ ፊታቸውን አዞሩ።

ሊሰነባበቱ ሲሉ እማማ አስካለ «ቆይ» አሉ። «እዚያ ብርድ ነው አሉ። እሱ ሁልጊዜ ስለ ብርዱ ነው የሚያወራኝ። አንተስ አሁን ምን ልትለብስ ነው?»

በፈቃዱ ወለሉ ላይ የተጣለችውን አረንጓዴ ሹራብ አየ።

«አለኝ እማማ» አለ። «የምለብሰው አለኝ።»

ስልኩን ዘግቶ ጎንበስ አለና አነሳት። ትንሽ ትሰፋዋለች። አንገትጌዋ ላይ ያለው የናዝራዊት ቋጠሮ አንገቱን ይኮሰኩሰዋል፤ ሊበጥሰው ጣቱን ሰደደና ተወው። እትዬ የወይንሐረግን በደህና ይግቡ ብሎ፣ ሻንጣቸውን ሊፍቱ ድረስ ገፍቶላቸው፣ ወደ ብርዱ ወጣ።